18 ሚሊሜትር ቀለበት ምን ይነግርሻል?

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ የባዮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። መመረቂያዬ በእኛ አካባቢ ለጭርትና ለቆረቆር በሚታሹ ዕፅዋት ላይ ነው። የእንዶድ ፍሬ፣ የብሳና ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት አድርቄ ፈጨሁ፤ በሜታኖል ዘፍዝፌ አጠለልኩ። ከዚያ አጋር (ፈንገስ የሚያድግበት እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ) ላይ ጉድጓድ ቆፍሬ በሚሊሊትር 100 ሚሊግራም ካለው ጭማቂ 100 ማይክሮሊትር ጨመርኩ። የጭርቱን ፈንገስ ስላላገኘሁ ከሆስፒታል ላብራቶሪ የተሰጠኝን ካንዲዳና ከእንጀራ ላይ የወሰድኩትን ሻጋታ ተጠቀምኩ። ካንዲዳው ላይ እንዶዱ 18 ሚሊሜትር ቀለበት፣ ማለትም ፈንገስ ያላደገበት የጠራ ክብ፣ ሰጠ። የፈንገስ መድኃኒት የሆነውን ኬቶኮናዞል ኪኒን ፈጭቼ በውሃ በጥብጬ 14፣ ጄንታማይሲን 0፣ ነጭ ሽንኩርት 9፣ ብሳና ምንም። እንዶድ ከኬቶኮናዞል ይበልጣል ብዬ መጻፍ እችላለሁ? ብሳናስ ውሸት ነው ማለት ነው? አጎቴ ደግሞ ይህን ሰምተው የእንዶድ ቅባት ሠርተን እንሽጥ እያሉኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

አትችዪም። ብሳናም ውሸት አልሆነም። የአጎትሽን ነገር መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ፤ እስከዚያ ግን ብልቃጥ እንዳይገዙ ንገሪያቸው።

ከቀለበቱ እንጀምር። ቀለበት ስትለኪ ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው የምትለኪው። ጭማቂው ፈንገሱን ምን ያህል ይጎዳዋል የሚለው አንዱ ነው። ጭማቂው በአጋሩ ውስጥ ምን ያህል ርቆ ይሄዳል የሚለው ሌላው ነው። አጋር አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃ የሚወድ ትንሽ ሞለኪውል እንደ ልቡ ይጓዛል። ቅባት የሚወደው ግን የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን ከጉድጓዱ ጠርዝ ሳይርቅ እዚያው ቁጭ ይላል። ስለዚህ ደካማው ሰፊ ቀለበት፣ ብርቱው ጠባብ ቀለበት ቢሰጥ ምንም አይደንቅም። የአጋሩ ውፍረት፣ የዘራሽው ፈንገስ ብዛት፣ ፕሌቱ ኢንኩቤተር ከመግባቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ የቆየበት ጊዜ፣ ሁሉም ሚሊሜትሩን ይቀያይሩታል። ሆስፒታል ውስጥ ቀለበት ተለክቶ መድኃኒት የሚመረጠው ለዚያ መድኃኒት፣ ለዚያ ፈንገስ፣ በዚያ ዓይነት አጋር ላይ ስንት ሚሊሜትር ምን ማለት እንደሆነ ተጠንቶ ሰንጠረዥ ስለወጣለት ነው። ለእንዶድ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የለም።

መጠኑንም እንየው። በሚሊሊትር 100 ሚሊግራም ካለው 100 ማይክሮሊትር ስትወስጂ አንድ ጉድጓድ ውስጥ የገባው 10 ሚሊግራም ነው። ካንዲዳ የሚፈተንበት የፍሉኮናዞል (የኬቶኮናዞል ዘመድ የሆነ የፈንገስ መድኃኒት) የወረቀት ዲስክ የሚይዘው 25 ማይክሮግራም ነው። አንቺ የጨመርሽው 400 እጥፉን ነው። በዚህ መጠን ከጓሮሽ የቀጠፍሽው ማንኛውም ቅጠል የሆነ ቀለበት ቢያወጣ አይገርመኝም።

ኬቶኮናዞሉ ደግሞ ውድድሩ ውስጥ አልገባም ማለት ይቻላል። ኬቶኮናዞል ተራ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ አሲድ ይፈልጋል። ሰው ሲውጠው የሚሟሟለት የጨጓራ አሲድ ስላለ ነው። አንቺ በጥብጠሽ የጨመርሽው ያልሟሟ ዱቄትና ኪኒኑን ለማያያዝ የሚገባው መሙያ ነው። ፕሌቱ ካልተጣለ እስቲ ወደ መብራት አንስተሽ ከሥር እዪው፣ ጉድጓዱ ግርጌ ላይ ነጭ ዝቃጭ ተኝቶ ታገኛለሽ። ሌላም አለ። የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ካንዲዳን እድገቱን ያቆሙታል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ፈጽመው አይገድሉትም። ስለዚህ የቀለበታቸው ጠርዝ ድብዝዝ ይላል፣ ትንንሽ እድገት ወደ ውስጥ ገባ ገባ ይላል። አንቺ የለካሽው ሙሉ በሙሉ የጠራውን ብቻ ከሆነ የመድኃኒቱን ቀለበት ቆርጠሽበታል።

ጄንታማይሲን 0 መስጠቱ ግን ልክ ነው። የሚያጠቃው የባክቴሪያን ራይቦዞም ነው፤ ፈንገስ አይመለከተውም። እንዲያውም እኛ ፈንገስ ስናሳድግ ባክቴሪያ እንዳይቀላቀልብን ብለን ሆን ብለን ክሎራምፌኒኮል ወይም ጄንታማይሲን ምግቡ ውስጥ እንጨምራለን። «እንዶድ ከጄንታማይሲን በለጠ» የሚል አረፍተ ነገር ይዘሽ ፈታኝ ፊት ብትቆሚ የቀረውን ገጽ የሚያነብልሽ የለም።

የጎደለው ትልቁ ነገር ደግሞ ባዶው ጉድጓድ ነው። ጭማቂውን ያሟሟሽበት ፈሳሽ ብቻውን የገባበት ጉድጓድ የታለ? ሜታኖል ፈንገስ ይገድላል። ዲኤምኤስኦ የሚባለው ሌላው ማሟሚያም ሳይቀጥን ከገባ ይገድላል። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ አንድ ሳምንት ሙሉ «አገኘሁ!» ብዬ ስቦርቅ ከርሜ ባዶውን ሜታኖል ስሞክረው ያንኑ ቀለበት፣ ሚሊሜትር ሳይጎድል፣ ሰጠኝ። ጭማቂው በደንብ አልተነነም ነበር። ጠርሙሱን ሳሸተው ገና ሽው ይላል። አንድ ጉድጓድ ሳምንቱን ያተርፍልኝ ነበር።

አሁን ወደ ፈንገሱ። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ምክንያቱም የጥናትሽ ርዕስና የሠራሽው ሥራ የተለያዩት እዚህ ነው።

«ፈንገስ» ብለን በአንድ ስም ስለጠራናቸው አንድ አይሆኑም። ካንዲዳ እርሾ ነው፤ አፍ ውስጥና ብልት ላይ፣ እርጥብ ቦታ የሚኖር። ጭርትና ቆረቆር የሚያመጡት ግን ደርማቶፋይት የሚባሉ ሻጋታዎች ናቸው፤ ኬራቲን፣ ማለትም የቆዳን የላይኛ ሽፋን፣ ጸጉርንና ጥፍርን የሚበሉ። በኢትዮጵያ በልጆች ራስ ላይ በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም ነው። ልዩነቱ የመጽሐፍ ብቻ እንዳይመስልሽ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ለቆረቆር ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲታዘዝ የኖረው መድኃኒት ግሪሲዮፉልቪን ነው። ካንዲዳ ላይ ብታደርጊው ምንም አያደርግም። እንግዲህ አስቢው፦ ግሪሲዮፉልቪን የሚባል መድኃኒት ሳይታወቅ፣ የሆነ መንደር ውስጥ «ለቆረቆር ጥሩ ነው» ተብሎ አንቺ እጅ ቢገባ ኖሮ፣ በካንዲዳሽ ሞክረሽ «አይሠራም» ብለሽ ትጥዪው ነበር። ብሳናው ላይ የደረሰው ይኸው ሊሆን ይችላል።

ካንዲዳውስ የትኛው ካንዲዳ ነው? ካንዲዳ አልቢካንስ ነው ብለው ከሰጡሽ አረጋግጪ። ከቅኙ (ፕሌቱ ላይ ካደገው የፈንገስ ክምር) ትንሽ ወስደሽ ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ በ37 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ሰዓት አስቀምጪና በማይክሮስኮፕ እዪው። ከእርሾው ላይ እንደ ቡቃያ ቱቦ ካወጣ አልቢካንስ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ካንዲዳ ክሩሴይ ከሆነ ደግሞ ፍሉኮናዞልን ከተፈጥሮው አይፈራም፤ ሳታውቂው ማወዳደሪያሽ ሁሉ ይዛባል።

የእንጀራው ሻጋታ ላይ ቆጣ ልበል። እንጀራ ላይ የሚወጣው ፔኒሲሊየም፣ ራይዞፐስ፣ አስፐርጂለስ ወይም የነሱ ቅልቅል ነው። ከጭርት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ስሙም ዝርያውም ያልታወቀ ነገር ላይ የተሠራ ሙከራ ደግሞ ሌላ ሰው ሊደግመው አይችልም። የባሰው ግን ደህንነቱ ነው። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ዱቄት ያዘለ ፕሌት ክዳኑን ክፍት ጠረጴዛ ላይ ስታነሺ ዱቄቱ ዘር ነው፣ ወደ አየር ይወጣል፣ ትተነፍሽዋለሽ። አስፐርጂለስ አስም ያለበትን ያስነሳበታል፣ የመከላከል አቅሙ የደከመን ሰው ሳንባ ይይዛል። አንዳንዱ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝም ያመርታል። የሴፍቲ ካቢኔት (አየር የሚያጣራ የሥራ ሳጥን) ከሌለሽ ሻጋታ አትክፈቺ። እንጀራ ሳይሻግት እንዴት ይቆይ የሚለው ራሱን የቻለ፣ ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ ግን የሌላ ሰው ቴሲስ ነው።

ብሳናን ያጠፋብሽ ሌላም ነገር አለ ብዬ እገምታለሁ። ሰዉ እንዴት ነው የሚጠቀምበት? ለጭርት ብዙ ጊዜ የሚቀባው ቅጠሉ ሲቀነጠስ ወይም ሲታሽ የሚወጣው ትኩስ ፈሳሽ ነው። አንቺ የሞከርሽው ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ አልኮል ውስጥ የሰነበተ ቅጠል ነው። ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም። ቅባት ወዳድ የሆነው ክፍሉ ደግሞ አጋሩ ውስጥ መሄድ አይችልም ብለናል። ስለዚህ «ብሳና አይሠራም» የሚል መደምደሚያ የለሽም። ያለሽ «በዚህ አወጣጥ፣ በዚህ ዘዴ፣ በካንዲዳ ላይ ቀለበት አላየሁም» የሚል ነው። እሱን ጻፊ፣ አያሳፍርም።

ነጭ ሽንኩርት ይህን ነገር ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ያልተነካ ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ፈንገስ የሚጎዳው አሊሲን የለም። ያለው አሊን ነው፣ ለብቻው በሌላ ክፍል ደግሞ አሊኔዝ የሚባል ኢንዛይም ተቀምጧል። ሙቀጫ ውስጥ ስትወቅጪው ሁለቱ ይገናኛሉ፣ አሊሲን ይፈጠራል፣ ያ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ይወጣል። ሜታኖል ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ሙቀትም እንዲሁ። የተፈጠረውም አሊሲን ቢሆን በክፍል ሙቀት ሲቆይ እየተበላሸ ይሄዳል። አንቺ ገና ሳይፈጠር አፍነሽዋል። ትኩሱን ወቅጠሽ፣ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቀሽ፣ በውሃ ጨምቀሽ፣ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፈሽ በዚያው ቀን ሞክሪው። 9 ሚሊሜትርሽ ሌላ ታሪክ ሲያወራ ታያለሽ። (አውቶክሌቭ ውስጥ በእንፋሎት እንዳትቀቅዪው። እንዲህ አድርጎ «ነጭ ሽንኩርት ተረት ነው» ብሎ የጻፈ ተማሪ አጋጥሞኛል።)

እንዶድም እንደዚሁ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። የእንዶድ ጉልበቱ ሳፖኒን ነው፤ አረፋውም ከዚያ ነው የሚመጣው። እናቶቻችን ፍሬውን በውሃ ነው የሚወቅጡት። ፍሬው በውሃ ሲፈጭ የራሱ ኢንዛይም ሳፖኒኑ ላይ የተንጠለጠለውን አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጠዋል፣ ብርቱው ዓይነት የሚገኘው ያኔ ነው። በቀጥታ በሜታኖል ከተዘፈዘፈ ኢንዛይሙ ዕድል አያገኝም፣ ደካማው ዓይነት ይበዛል። ስለዚህ የውሃውንና የሜታኖሉን ጎን ለጎን ማድረግ አለብሽ። ይሄ ብቻውን ጥሩ የቴሲስ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ግን የእንዶድ ዋና ችግር ጉልበት ማነስ አይደለም። እንዲያውም ጉልበቱ ሰው አይመርጥም። አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያዩትን ታስታውሺያለሽ፤ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ ተገኘ፣ ከዚያ ለቢልሃርዚያ መከላከያ ምርምሩ ተጀመረ። ቀንድ አውጣውን የገደለው ሳፖኒን ዓሣም ይገድላል። የሚሠራው የሕዋስን ሽፋን በማፍረስ ነው፣ በተለይ ሽፋኑ ውስጥ ያለውን ስቴሮል እየያዘ። የፈንገስ ሽፋን ኤርጎስቴሮል አለው። የእኔና የአንቺ ሽፋን ኮሌስትሮል አለው። እነዚህ ሁለቱ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። አምፎቴሪሲን የሚባለው የሆስፒታል መድኃኒት እንኳ፣ ከኮሌስትሮል ይልቅ ኤርጎስቴሮልን እየመረጠ፣ ኩላሊት ይጎዳል። የማይመርጥ ነገር ምን ሊያደርግ እንደሚችል አንቺው ገምቺ።

ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግሽም። በጨው ውሃ የታጠበ ቀይ የደም ሕዋስ 2 በመቶ አድርገሽ በጥብጪ፣ ጭማቂውን በተለያየ መጠን ጨምሪ፣ 37 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አቆዪ፣ ከዚያ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሪው። ሕዋሱ ከተረፈ ቀዩ ነገር ግርጌ ላይ ይረጋል፣ ላዩ ይጠራል። ከፈነዳ ፈሳሹ ሁሉ እንደ ቀይ ወይን ሆኖ ይቀራል። እንዶዱ ፈንገሱን ባቆመበት መጠን ደሙንም ካፈነዳ፣ ያገኘሽው ሳሙና ነው። እሱንማ ድሮም እናውቀዋለን። ጭማቂው የሰውን ሕዋስ የሚጎዳበት መጠን ፈንገሱን ከሚያቆምበት ቢያንስ በ10 እጥፍ ከራቀ ግን ነገሩ ያጓጓል።

እሺ፣ ምን ላድርግ ትይኛለሽ። ምክሬ አንድ ነው፦ ቀለበቱን እንደ መጀመሪያ ወንፊት አስቀምጪውና ቁጥርሽን፣ ማለትም ፈንገሱን የሚያቆመውን ትንሹን መጠን፣ በብሮዝ ማይክሮዳይሉሽን (ጭማቂውን በፈሳሽ ምግብ እያቀጠኑ በመፈተን) አውጪ። ዕፅዋቱን ወደ ሁለት ቀንሺ። ፈንገሶቹንም እንዲሁ። በብዛት አይደለም የምትገመገሚው።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። 96 ጉድጓድ ያለው ፕሌት ውሰጂ። ለሕክምና ላብራቶሪ የወጣው ኤም 27 የሚባል መመሪያ ለእርሾ አርፒኤምአይ 1640 የተባለውን ምግብ፣ ፒኤቹ 7 ላይ ተይዞ፣ ይጠይቃል። እሱ ከጠፋ በሳቦሮ ብሮዝ መሥራት ይቻላል፤ ግን ቁጥርሽን ከሌላ ጥናት ጋር እንዳታወዳድሪ። የሜታኖሉን ጭማቂ አትንነሽ ከጨረስሽ በኋላ በዲኤምኤስኦ 100 ሚሊግራም በሚሊሊትር አሟሚ፣ ከዚያ በምግቡ 50 ጊዜ አቅጥኚ። ጉድጓዱ ውስጥ ከፈንገሱ ጋር እኩል በእኩል ሲቀላቀል 1 ሚሊግራም በሚሊሊትር ይሆናል፣ ዲኤምኤስኦውም 1 በመቶ ላይ ይወርዳል። ከዚያ እያጋመስሽ ውረጂ፤ 1000፣ 500፣ 250፣ 125 ማይክሮግራም እያልሽ እስከ አሥረኛው ዓምድ፣ 2 ገደማ ላይ ትደርሻለሽ። አሥራ አንደኛው ዓምድ ፈንገስና 1 በመቶ ዲኤምኤስኦ ብቻ፣ አሥራ ሁለተኛው ባዶ ምግብ። አንድ ረድፍ ደግሞ ጭማቂ ያለበት ፈንገስ የሌለበት ይሁን፤ ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ካንዲዳውን በዓይን አትገምቺ። የ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ ነው) ጭጋግ ያህል አድርገሽ በጥብጪ፣ እሱን 1000 ጊዜ አቅጥነሽ ዝሪ፤ ፕሌቱ ላይ ሲቀላቀል በሚሊሊትር ከ500 እስከ 2500 ሕዋስ ገደማ ይሆናል። ብዙ ከዘራሽ ጥሩውም ጭማቂ ይሸነፋል፣ ጥቂት ከዘራሽ መጥፎውም ያሸንፋል። 35 ዲግሪ፣ 24 ሰዓት። አጠገቡ ንጹህ የፍሉኮናዞል ዱቄት፣ ኪኒን ሳይሆን፣ ለማመሳከሪያ በተቀመጠው የካንዲዳ ዝርያ፣ በካንዲዳ ፓራፕሲሎሲስ ኤቲሲሲ 22019 ላይ አስኪጂ። በ24 ሰዓት ከ0.5 እስከ 4 ማይክሮግራም በሚሊሊትር መካከል መውደቅ አለበት። ካልወደቀ የዚያን ቀን ፕሌት በሙሉ ጣዪው። ያናድዳል፤ ግን የሚያድንሽ እሱ ነው። ሁሉንም በሦስት የተለያዩ ቀናት ድገሚ። በአንድ ቀን የተሠሩ ሦስት ጉድጓዶች ሦስት ሙከራ አይደሉም።

ማንበቡ ላይ የዕፅዋት ጭማቂ ያስቸግራል። ጭማቂሽ ቡናማ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ደፍርሷል ወይስ ቀለሙ ነው የሚለው አይለይም። አንዳንዱም ምግቡ ውስጥ ሲገባ ይረጋል፣ ደለሉ እድገት ይመስላል። ስለዚህ ሬሳዙሪን ጨምሪበት። ሰማያዊ ቀለም ነው፤ በሕይወት ያለ ሕዋስ ሲያገኝ ወደ ሮዝ ይቀየራል። ነገር ግን አንዳንድ ቅጠል ራሱ፣ ፈንገስ ሳይኖር፣ ቀለሙን ሮዝ ያደርገዋል። ያንን የምትይዥው ፈንገስ በሌለበት ረድፍ ነው፣ ለዚህ ነው አስቀምጪ ያልኩሽ። ከዚያ ሰማያዊ ሆነው ከቀሩት ጉድጓዶች ትንሽ ወስደሽ ንጹህ አጋር ላይ ጣል አድርጊ። እንደገና ካደገ ጭማቂው አቁሞታል እንጂ አልገደለውም። ይህን ቀለበት በፍጹም አይነግርሽም።

ደርማቶፋይቱን ከቆዳ ክሊኒክ ጋር ተነጋግረሽ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ማግኘት ይቻላል። ግን ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም አስቸጋሪ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ዘር ማውጣትም አይወድም፤ ማይክሮዳይሉሽን ደግሞ የሚቆጠር ዘር ይፈልጋል። ለሱ ሌላ መንገድ ተጠቀሚ፦ ጭማቂውን ከቀለጠው አጋር ጋር ደባልቀሽ አፍስሺ፣ መሃሉ ላይ 5 ሚሊሜትር የፈንገስ ቁራጭ አስቀምጪ፣ ቅኙ ሲሰፋ ለኪ። ጭማቂ የሌለበት ፕሌት ላይ ቅኙ፣ ቁራጩ ሳይቆጠር፣ 40 ሚሊሜትር ሰፍቶ፣ ጭማቂ ያለበት ላይ 10 ብቻ ከሰፋ፣ እድገቱ 75 በመቶ ተገትቷል። ቅባት ወዳድ የሆነውም ጭማቂ እዚህ አያመልጥም፣ መጓዝ አይጠበቅበትማ። ትራይኮፋይተን ሩብረም ወይም ሜንታግሮፋይተስ ካገኘሽ ደግሞ ዘር ስለሚያወጡ በማይክሮዳይሉሽን ይሠራሉ፤ ለነሱ 4 ቀን ጠብቂ።

ቁጥሩ ሲወጣ እንዴት ይነበባል? ያልተጣራ ጭማቂ ከ100 ማይክሮግራም በሚሊሊትር በታች ካቆመው ሊከታተሉት ይገባል። ከ1000 በላይ ከሆነ «እንቅስቃሴ አለው» ማለቱን ተዪው። መሃል ላይ ከወደቀ በልኩ ጻፊው።

ሁለት ነገር ሳልረሳ። ተክሉን «ብሳና» ብሎ መጻፍ አይበቃም፣ የአገር ስም ከወረዳ ወረዳ ይለዋወጣል። አበባ ወይም ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ አድርቀሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም አስለዪና ቁጥሩን ያዢ። ሁለተኛ፣ ዕውቀቱን የሰጡሽ የአካባቢሽ ሰዎች የዕውቀቱ ባለቤት ናቸው። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። ዩኒቨርሲቲሽን ስለ ፈቃዱ አሁን ጠይቂ፤ መጽሔት ሲጠይቅሽ አይደለም።

ቴሲሱ ላይ እስካሁን ላለሽ ውጤት የምትጽፊው ይህን ያህል ነው፦ «የእንዶድ ፍሬ የሜታኖል ጭማቂ በአንድ ጉድጓድ 10 ሚሊግራም ሲጨመር በካንዲዳ ላይ 18 ሚሊሜትር የጠራ ቀለበት አሳይቷል፤ የማሟሚያው ተጽዕኖ አልተለየም።» በቃ። ኬቶኮናዞልን ከሠንጠረዡ አውጪው።

አሁን አጎትሽ። አይሆንም። ፔትሪ ዲሽ ውስጥ ቆዳ የለም፣ ጸጉር የለም፣ ልጅ የለም። ቆረቆር ላይ ፈንገሱ የሚኖረው ጸጉሩ ውስጥ፣ ከሥሩ ጀምሮ ነው። ፋርማሲ ያለው ምርጥ ቅባት እንኳ እዚያ አይደርስም፣ ለዚህ ነው ቆረቆር በሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት የሚታከመው። የእንዶድ ቅባት ተቀብቶ «እስቲ እንየው» ሲባል የሚቆይ ልጅ ጭንቅላቱ ሊያብጥና መግል ሊይዝ፣ ጠባሳ ላይም ጸጉር ላይበቅል ይችላል። እንዶዱ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፣ ከተዋጠ መርዝ ነው። ለሽያጭ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባ ያስፈልጋል፤ ያንቺ 18 ሚሊሜትር ፋይል አያስከፍትም። ለጎረቤት ልጅም ቢሆን «ለሙከራ» ብለው እንዳይሰጡ፣ ከኋላ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ቆረቆር ያለበት ልጅ ካዩ ጤና ጣቢያ ይላኩት። የገዙትን እንዶድ ግን አይጣሉት፣ ነጠላቸውን ይጠቡበት።